የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ

ሰው ሲያኮርፍ ዝም ይላል፤ ታናሽየዋ ግን የምታኮርፈው በልጇ በኩል ነው። ጥርስ እንኳ ያላበቀለውን ጨቅላ ደረቷ ላይ አስደግፋ፣ ለታላቅ እህቷ ያሰበችውን ነገር ሁሉ በእሱ ጆሮ ታንቆረቁራለች። ዛሬም ጠዋት ታላቅየዋ፣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተሯ፣ ፊቷን በሳሙና ለቅልቃ መታጠቢያ ቤት ቆማ ሳለ፣ ከግድግዳው ማዶ ያ ማር የተቀባ ድምፅ መጣ። «አየህ የኔ ጌታ፣ አክስትህ ትልቅ ሰው ናት። ፍትሕ ታውቃለች። ፍትሕ ስለምታውቅ ነው አንተ ሳትጠግብ ጡትህን የምትነጠቀው። አታልቅስ። የሌላ ሰው ልጅ ብትሆን ጠግበህ ታገሳ ነበር፤ ምን ይደረግ፣ የእሷ እህት ልጅ ሆነህ ተገኘህ።» ሳሙናው የዳይሬክተሯ ዓይን ውስጥ ገባ። ቧንቧውን ከፈተች፤ ውሃው እንኳ የእህቷ ወገን ይመስል ሁለት ጊዜ ተፍቶ ዝም አለ። ዓይኗን በፎጣ እየፈተገች ቆመች። መልስ ብትሰጥ፣ ለሕፃን የተነገረ ነገር ላይ የምትመልስ እብድ መባሏ ነው። ዝም ብትል ደግሞ ነገሩን ተቀብላለች ማለት ነው። አግቦን የፈጠረ ሰው በእርግጥ የታናሽየዋ ቅድመ አያት መሆን አለበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱም በሚሠሩበት ትምህርት ቤት ማንም ወረቀት ላይ ያላሰፈረው፣ ሁሉም ግን የሚያውቀው ደንብ አለ፤ የምታጠባ መምህርት የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ አትይዝም። ልጇን አጥብታ፣ ለሚይዝላት ሰው ሰጥታ፣ ትንፋሿን ሰብስባ ከሁለተኛው ትጀምራለች። ዳይሬክተሯ ራሷ ምክትል በነበረች ጊዜ ለእንግሊዝኛዋ መምህርት እንዲህ አድርጋ ደልድላ፣ ተመርቃበታለች። የገዛ እህቷ ከወሊድ ፈቃድ ስትመለስ ግን አምስቱንም ቀን የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ፣ የአሥረኛ ክፍል ሒሳብ ላይ፣ ተሰቅላ ተገኘች። ለምን ቢባል፣ እህቷ ስለሆነች። «ተሾመችና ዘመዷን ጠቀመች» እንዳይባል። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይላሉ፤ ዳይሬክተሯም ንጽሕናዋን ለማሳየት ልጧን የነከረችው ቅርቧ ባለው ጠበል ነው። ልጁን የምትይዘው ጎረቤት ባልቴት የራሷን የልጅ ልጆች ትምህርት ቤት አድርሳ የምትመለሰው ደወል ሲቃረብ ነው፤ ስለዚህ ታናሽየዋ በየጠዋቱ ሕፃኑን ታቅፋ ትወጣና ከባልቴቷ ጋር ዳቦ ቤቱ ጥግ ተገናኝተው እንደ ዱላ ቅብብል ይቀባበሉታል። ከዚያ ትሮጣለች። የልጁ አባት ሩቅ አገር መንገድ ሥራ ላይ ነው፤ በስልክ «አይዟችሁ» ይላል። አይዟችሁ ልጅ አይዝም።

ቁርሱ ሻይ በዳቦ ነበር። ቤቱ ከወላጆቻቸው የቀረ ነው፤ ሁለት ክፍልና ሳሎን፣ አንዱ እግሩ በመጽሐፍ የተደገፈ ጠረጴዛ፣ አባታቸው ይቀመጥበት የነበረና አሁን ዳይፐር የሚታጠፍበት ወንበር። ድሮ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ሁለቱ እኩል ይናገሩ ነበር፤ አንዷ የጀመረችውን ሌላዋ ትጨርሳለች። ዛሬ የሚሰማው ማንኪያው ብርጭቆውን ሲመታ ብቻ ነው። ዳይሬክተሯ ስኳሩን ወደ እህቷ ገፋ አደረገችው፤ እህቷ ያለ ስኳር ጠጣች። ሕፃኑ ፊቱ ቀላ ብሏል፤ ሌሊቱን ሲነጫነጭ ነው ያደረው። ታናሽየዋ ግንባሩን በከንፈሯ ነካችና ቀና ሳትል ተናገረች። «ትኩሳትህ አልወረደም የኔ አንበሳ። ዛሬ ብናረፍድ ነው። ብናረፍድና በሩ ቢዘጋብን ግን፣ ማታ እዚህ ቤት አናድርም፤ ጓዛችንን ጠቅልለናል፣ ጓደኛችን ጋ ባዶ ክፍል አለ። ይህንን የምነግርህ በኋላ አልሰማሁም እንዳትል ነው።» ዳይሬክተሯ ዓይኗ ሳይታዘዝ ወደ እህቷ ክፍል ሄደ። በሩ ገርበብ ብሏል። ፍራሹ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል።

«ትኩሳቱ ከባድ ነው?» አለች።

«አክስትህ ትጠይቅሃለች» አለች ታናሽየዋ ለልጇ። «ንገራት።»

ሕፃኑ አልነገራትም። ዳይሬክተሯ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ወደ ትምህርት ቤቱ ማንም ሰው ቀድሟት መግባት የለበትም፤ ቁልፎቹ ሁሉ፣ የቤተ መጻሕፍቱም፣ የቤተ ሙከራውም፣ የጠመኔው መጋዘንም፣ በእሷ ቦርሳ ውስጥ ናቸው። ምክትሏ ለራሱ ቢሮ ቁልፍ ያለው በቸርነቷ ነው።

ተማሪዎቹ «መቀርቀሪያ» ይሏታል፤ መምህራኑም ከተማሪዎቹ ተውሰውታል። ስሙን ታውቀዋለች፤ አይከፋትም፤ እንዲያውም ውስጥ ውስጡን ትኮራበታለች። በየጠዋቱ በሩ ላይ የምትቆመው እሷ ናት፤ ደወል ሲደወል በሩ ይዘጋል፣ ለተማሪም ለመምህርም። የዘገየ መምህር ክፍለ ጊዜው ያልፈዋል፤ ክፍሉን እሷ ገብታ ታስተምራለች። በትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሥልጠና ላይ ይህንን ተናግራ ተጨብጭቦላታል። ሠልጣኙን በሙሉ አስነስተው የአመራር ክህሎት ማለት ይህ ነው ብለውላታል፤ ዕቅድ፣ ክትትል፣ ቁጥጥር፣ ግምገማ። በቢሮዋ በር ላይ የሰቀለችው የቅሬታ ሣጥን ባዶ መሆኑን ስትነግራቸው ደግሞ የጎረቤት ትምህርት ቤቶች ዳይሬክተሮች በቅናት ተያዩ። ሣጥኑ በእርግጥ ባዶ ነው። ሸረሪት እንኳ ያለ ቅሬታ ነው የሚኖርበት።

ዛሬም ተማሪው ጎርፎ ገባ፤ ኋላም ተንጠባጠበ። ዳይሬክተሯ ሰዓቷን ሳይሆን የመንገዱን መታጠፊያ ስታይ ራሷን አገኘችው። መታጠፊያው ላይ ጎማ የሚለጥፈው ሰውዬ፣ የፎቶ ኮፒ ቤቷ ልጅ፣ ብስክሌት። እህቷ የለችም። ደወሉ ተደወለ። ዘበኛው የብረቱን በር ይዞ ወደ እሷ ዞረ፤ ዕድሜው የአባቷን የሚያክል፣ ነገር በዓይኑ የሚናገር ሰው ነው። ልክ በዚያን ጊዜ ታናሽየዋ መታጠፊያው ላይ ብቅ አለች። ትሮጣለች። ፀጉሯ ተበትኗል፣ አንድ እጇ ቦርሳዋን አንዱ ደረቷን ይዟል።

«ዳይሬክተር፣» አለ ዘበኛው፣ «እየደረሰች ነው እኮ።»

ከዳይሬክተሯ ኋላ የሁለተኛው ፎቅ መስኮቶች አሉ፤ መምህራን ክፍል ከመግባታቸው በፊት ከዚያ ያያሉ። ትላንት በስፖርት መምህሩ አፍንጫ ላይ ዘግታበታለች። ምንም አላለችም። አለማለቷ ራሱ ትእዛዝ ነው። ዘበኛው በሩን ገፋው፤ መቀርቀሪያው ገባ። ታናሽየዋ ከፍርግርጉ ማዶ ቆማ ትተነፍሳለች። የደረቷ ልብስ በሁለት ቦታ ርሷል። ዳይሬክተሯ ያንን አየች፤ ያየችውንም እህቷ አየች። ማዶና ማዶ ሆነው ለትንሽ ጊዜ ቆሙ። በልጅነታቸው በዚህ ርቀት ተፋጥጠው ቀድማ የሣቀችው ትሸነፍ ነበር፤ ሁልጊዜ የምትሸነፈው ታላቂቱ ነበረች። ዛሬ ማንም አልሣቀም። ታናሽየዋ ሕፃኑ በእጇ ስላልነበረ የምትናገርበት አፍ አላገኘችም፤ ፊቷን መልሳ ሄደች።

የአሥረኛ ክፍል ሒሳብ የመቀርቀሪያ ሆነ። ስትገባ ሰሌዳው ላይ ያልተደመሰሰ የእህቷ ጽሑፍ አለ፣ ክብ ክብ፣ በሁለት መስመር ያለቀ ሒሳብ። ከየት እንደምትቀጥል ጠየቀች፤ ማንም አልነገራትም። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠች ተማሪ፣ የክፍሉ አለቃ ናት፣ እጇን አወጣች።

«ቲቸር ልጇን አሞት ነው?»

«አንቺ ስለ ልጇ ምን አገባሽ?»

«ሻርፑን ላስቀምጥ ወይስ ልመልስ ብዬ ነው።» ልጅቷ ከዴስኳ ውስጥ የታጠፈ ሻርፕ አወጣች። «ልብሷ ሲርስ የምትደርበው ነው። እኛ ጋ ነው የሚቀመጠው። ወንዶቹ አያዩም፣ ዞር በሉ ስንላቸው ይዞራሉ።» ከኋላ ያሉት ወንዶች ምስክርነት በሚሰጥ ፊት ጠረጴዛቸውን አዩ። ዳይሬክተሯ ጠመኔውን አንስታ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዞረች። አርባ ልጅ የሚያውቀውን እሷ አንድ ቤት እያደረች አታውቅም ነበር። የጻፈችው መስመር ወደ ታች አዘቀዘቀ፤ ማንም አላረማትም።

ከክፍል ወጥታ ወደ ቤተ ሙከራ አቀናች፤ የኬሚስትሪዋ መምህርት ለሙከራ ዕቃ ማውጣት አለባትና ጠዋት እግረ መንገዷን የቤተ ሙከራውን መጋዘን ከፍታላት ነበር፤ ቁልፉን ግን አትተውላትም፤ መልሳ መዝጋት አለባት። ከመደርደሪያዎቹ ኋላ ሰው የሚቆምበት ጠባብ ቦታ አለ። ኬሚስትሪዋ እዚያ ነበረች፤ ግድግዳውን ተደግፋ፣ የጋውኗን ቁልፎች ፈትታ፣ ጡቷን በመስታወት መለኪያ ውስጥ እያለበች። ከወሊድ ፈቃድ ከተመለሰች ገና አንድ ወሯ ነው። ዳይሬክተሯን ስታይ ደነገጠችና መለኪያውን ጀርባዋ ደበቀች፤ ሲጋራ ሲያጨስ የተያዘ ተማሪ ነው የምትመስለው። ከዚያ መደበቁ ከንቱ መሆኑ ገባትና ወደ መታጠቢያው ገንዳ ሄዳ ደፋችው። ነጭ ሆኖ፣ ዝም ብሎ፣ ቀዳዳው ውስጥ ገባ።

«ለምን ትደፊዋለሽ?»

«የአሲድ ዕቃ ነው እትዬ። ለልጅ አይሆንም።» ጋውኗን ቆለፈች። «ካላለብኩት ደግሞ ይወጥረኛል፤ ክፍል ውስጥ ይፈሳል።»

«አንቺም የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ አለሽ?»

«ሦስት ቀን። እርስዎ አይደሉ እንዴ የደለደሉት?»

እሷ ናት። ካርዶቹን አንድ በአንድ የሰቀለችው እሷ ናት። «ምነው ታዲያ አልጠየቅሽኝም? ቢሮዬ ክፍት ነው። ሣጥንም አለ።»

ኬሚስትሪዋ መለኪያውን እያጠበች በጣም ቀስ ብላ መለሰች፤ የሚያመው ደግሞ ቁጣ አልነበረበትም። «ምን ብዬ ልጠይቅዎት? ለገዛ እህትዎ ያልሆነውን ለእኔ ያድርጉ ልበል? እሷ ላይ ሲዘጋ እያየን ማን ደፍሮ ያንኳኳል? የሙዚቃ መምህሩ እንኳ እናቱ ስትሞት ለቀብር ፈቃድ ከእርስዎ ከሚጠይቅ አሞኛል ብሎ ቀረ።» ከዚያ ብዙ እንደተናገረች ገባት፤ «ይቅርታ» አለችና ብርጭቆዎቿን ይዛ ወጣች።

ዳይሬክተሯ ከመደርደሪያዎቹ ኋላ ብቻዋን ቀረች። የስፒሪትና የወተት ሽታ ነበር። ንጹሕ መባል ፈልጋ ነበር፤ እህቷ ላይ ስትጨክን ሌላው «ለሁሉም እኩል ናት» ብሎ የሚያደንቃት መስሏት ነበር። ሰው ግን የሚያስበው በሌላ መንገድ ነው፤ ለሥጋዋ ያልራራች ለእኛ ትራራለች? ሣጥኗ ባዶ የሆነው ትምህርት ቤቱ ስለጠገበ አልነበረም። ተስፋ ስለቆረጠ ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይባላል፤ የእሷ የባሰ ነው፣ የሰውም አርሯል።

በእረፍት ሰዓት ያደረገችውን ሰው እስካሁን ያወራዋል። ምክትሏን ጠራችና ከቢሮዋ ግድግዳ ላይ የድልድል ሰሌዳውን አወረዱት። ሰሌዳው የእንጨት ነው፤ ምስማር ተደርድሮበት እያንዳንዱ መምህር በየቀለሙ ካርድ ተንጠልጥሏል። ካርዶቹን የቆረጠቻቸው ታናሽየዋ ነበረች፣ ነፍሰ ጡር ሆና፣ ሳሎኑ ወለል ላይ እግሯን ዘርግታ፤ አንዷ ትቆርጣለች አንዷ ትሰቅላለች፣ «አንዱን ስትነኪው ሌላው ይጮኻል» እየተባባሉ ይሥቁ ነበር። ታናሽየዋ አረንጓዴውን ለራሷ የመረጠችው ያኔ ነው። ሰሌዳውን ይዘው መምህራን ማረፊያ ክፍል ሲገቡ ሣቅ ተቋረጠ። ሁልጊዜ እሷ ስትገባ ሣቅ ይቋረጣል። ሻይ ጠረጴዛው ላይ፣ ብርጭቆዎቹ መሐል፣ አስተኙት።

«እኔ የሠራሁት ትክክል አይደለም» አለች። ድምፅዋ እንደ ማስታወቂያ ወጣ፤ ሌላ ድምፅ አልነበራትም። «የሚያጠቡ እናቶች የመጀመሪያውን አይዙም። የቀረውን እናንተ አስተካክሉት።»

ማንም አልተነሣም። ሻይ የያዙ እጆች አየር ላይ ቀሩ። ወጥመድ መሰላቸው፤ ቢመስላቸው አይፈረድባቸውም። በመጨረሻ ከጥግ የጂኦግራፊው መምህር፣ ሲያወራ ስለማያቋርጥ ሬዲዮ የሚሉት ሰው፣ አንገቱን አሰገገ።

«ካርድ የነካ ሰው የሚቆረጠው እጁ ነው ደሞዙ?»

አንድ ሰው በሣቅ ፈነዳ። ከዚያ ሁሉም። ሬዲዮ ብድግ ብሎ የራሱን አምስት ቡናማ ካርዶች ነቀለ፤ «የመጀመሪያውን ለእኔ ስጡኝ። ሚስቴ ከተነሣች በኋላ እዚያ ቤት መገኘት ለጤና አይመከርም» እያለ በአረንጓዴዎቹ ቦታ ላይ ሰቀላቸው። አረንጓዴዎቹን ሦስተኛው ላይ አደረጋቸው። የስፖርት መምህሩ ተነሣ፤ እንግሊዝኛዋ ተነሣች፤ ኬሚስትሪዋን ከመካከል አስገብተው የእሷን ሦስት ካርዶች በሦስት ሰዎች ካርድ ቀየሩ። አንዱ ሲነካ ሌላው ጮኸ፣ እየጮኸም ተሣሣቀ። እሷ የእረፍቱን ወራት ሙሉ ያደከማት ሥራ፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። ዳይሬክተሯ ግድግዳውን ተደግፋ ከጀርባቸው ቆማለች። ድሮ መምህር ሳለች መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር የእሷ ነበር፤ አሁን የአንድ ሰው ቦርሳ ተቀምጦበታል። ቦርሳውን አንስቶ «ተቀመጪ» ያላት የለም። ለማለት ያሰበ ይኖር ይሆናል፤ ግን አልለመዱትም። ሰሌዳው ላይ ተደፍተው ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው ሲያወሩ የምታየው ጀርባ ብቻ ነበር፤ ትምህርት ቤቷን እንዲህ ሕይወት ዘርቶ አይታው አታውቅም፣ እሷ ግን የለችበትም።

ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ደወል ሳይደወል ቦርሳዋን ያዘች። ኮሪደሩ ላይ ምክትሏን አገኘችውና የቁልፎቹን ዘለላ እጁ ላይ አኖረችው። ሰውየው ቁልፎቹን፣ ከዚያ እሷን አየ።

«ታመሙ እንዴ?»

«አልታመምኩም። ዝጋ። ጠዋትም አንተ ክፈት።»

መንገዱን በዚህ ሰዓት አታውቀውም ነበር። ዳቦ ቤቱ በር ላይ ትኩስ ዳቦ የሚጠብቁ ሰዎች ተሰልፈዋል፤ ጎማ ለጣፊው ሬዲዮውን ከፍቶ ተኝቷል። ሱቅ ገብታ የቆርቆሮ ወተት ዋጋ ጠየቀች፤ ባለሱቁ ሲነግራት ሳታስበው «በወርቅ ነው እንዴ የሚታሸገው?» አለች። «ልጁ ሲያድግ ይቀንሳል» አላት። አልገዛችም፤ ውድ ስለሆነ ሳይሆን፣ ያንን ቆርቆሮ ይዛ ለእህቷ ምን ብላ እንደምትሰጥ ስላላወቀች ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትባላለች።

ፒካፑ በራቸው ላይ ቆሟል። ሹፌሩ ፍራሹን በላይ አድርጎ ገመድ እየወጠረ ነው፤ የሕፃኑ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ድስቶች ተደርድረዋል። ታናሽየዋ ልጁን አቅፋ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ትኩሳቱ ወርዶለት አክስቱን ሲያይ ፈገግ አለ፤ እሱ ከማንም አልተጣላም። ዳይሬክተሯ መንገድ ሙሉ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ «በዛሬው ዕለት» ብሎ የሚጀምር። ጠፋባት። ተጠግታ፣ ጎንበስ ብላ፣ ለሕፃኑ ተናገረች።

«ለእናትህ ንገራት። ከነገ ጀምሮ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ናት በላት። ጠግበህ ነው የምትውል።»

ታናሽየዋም ወደ ልጁ ጎንበስ አለች። «አክስትህን ጠይቃት፤ ማነው የቀየረው በላት።»

«እነሱ ናቸው። ሰሌዳውን አውርጄ ሰጠኋቸው።»

እህቷ ቀና አለች፤ ለሳምንታት በቀጥታ አልተነጋገሩም ነበር። «ሰጠሻቸው?»

«ሰጠኋቸው።»

«ቁልፉንስ?»

«ቁልፉንም።»

በልጅነታቸው ቀድማ የማትሥቀው ታናሽየዋ ሣቋ ከከንፈሯ ጠርዝ ሊያመልጣት ምንም አልቀረውም ነበር። ሹፌሩ «እንሂድ እህት፣ ይመሽብኛል» አለ። ዳይሬክተሯ ገመዱን አየች፤ ፍቱት ልትል አፏን ከፈተች፤ ግን ያ ራሱ ትእዛዝ ሆኖ ተሰማት። «ብትቀሩ» አለች።

«ዳይሬክተርነቱን አልፈሻል እታለም» አለች ታናሽየዋ፣ ልጁን ወደ ትከሻዋ እያነሳች፣ በራሷ አፍ። «እህትነቱን ግን ትደግሚያለሽ።»

ፒካፑ ሲታጠፍ ሕፃኑ በመስኮቱ ወደ ኋላ ያይ ነበር። ዳይሬክተሯ ገባች። የእህቷ ክፍል ወለል ላይ አልጋው የነበረበት ቦታ ከሌላው ነጣ ብሎ ይታያል፤ አንዲት ትንሽ ካልሲ ግድግዳው ሥር ወድቃለች። አንስታ ጠረጴዛው ላይ፣ ስኳሩ አጠገብ አደረገቻት። ሻይ አፈላች፤ ከልማድ ሁለት ብርጭቆ አወጣችና አንዱን መለሰችው። «ሲደግሙ ስንት ዓመት ነው?» አለች ጮክ ብላ፤ የሚያቀብልላት ሕፃን አልነበረምና ቃሉ ለራሷ ተመለሰ። መድገም ቢያንስ መባረር አይደለም፤ ይህንን ለስንቱ የሚያለቅስ ልጅ ቢሮዋ ውስጥ ነግራዋለች። ሲጨልም እንደ ሁልጊዜው በሩን ልትዘጋ ሄደች። እጇ መቀርቀሪያው ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ በሩን ገርበብ ብቻ አድርጋ፣ ወንበሩን ከፊቱ ስባ ተቀመጠች።